እማማ አስካለ የሞቱበት ቅዳሜ

ከባለቤቴ ከደምሴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የግቢያችንን በር ጓጉንቸር ዘይት ማጠጣት ነበር። የአዳማ ነፋስ አቧራ ይዞ የማይገባበት ቀዳዳ የለም፤ ጓጉንቸሩ ውስጥም ገብቶ ቁልፉን አላዞር ስላለ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደምሴ ገልብጦ ያዘልኝ፣ እኔ በሻይ ማንኪያ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። «የምግብ ዘይት አይሆንም፣ ቆይቶ ይጣበቃል» አለኝ። «ታዲያ የመኪና ዘይት ከየት ላምጣልህ? መኪና አለህ?» አልኩት። ቁልፉን አስገብቶ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ፤ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላው ሰውዬ አዲስ መጫወቻ እንዳገኘ ልጅ ይደሰታል። ከዚያ ዘይት የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አንተ ሰውዬ!» ብዬ ስጮህበት «ጥቁር ነው፣ አይታይም» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፉ አልተነሳም። ሱሪው እስካሁን አልታጠበም፤ እውነትም አይታይም።

ይህን የምጽፈው በእጄ ነው፤ ቀስ እያልኩ፣ በቀን አንድ አንቀጽ ያህል። ድሮ ታይፒስት ነበርኩ። እዚሁ ከተማ፣ ያኔ ሁላችንም ናዝሬት በምንላት፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ክፍል ውስጥ ጣቶቼ ከሰው አፍ ይፈጥኑ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ተናግረው ሳይጨርሱ እኔ ጨርሼ እጠብቃቸዋለሁ፤ አንዳንዴም እሳቸው ሊሉት ካሰቡት አሳምሬ። አሁን መፍጠን አልፈልግም። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ምን እንደምሠራ አላውቅምና።

እንድጽፍ ያነሳሳችኝ መምህርት ሐዊ ናት። ሐዊ የደምሴ ተማሪ ነበረች፤ አሁን እሱ ባስተማረበት ክፍል፣ እሱ በቆመበት ሰሌዳ ፊት ታሪክ ታስተምራለች። የደምሴ የሰማንያ ቀን መታሰቢያ ካለፈ በኋላ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት መጥታ በሩን አንኳኳች። «አከም ጂርቱ እትዬ ወይንሸት?» አለችኝ ጥላዋን እያጠፈች። «ፈያ ነኝ ልጄ፣ ግቢ» አልኳት። ተቀመጠች፣ ውሃ ጠጣች፣ ስለ ሙቀቱ ትንሽ አወራች፤ ነገር የያዘ ሰው እንደሚያደርገው።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ልመጣ አስቤ ነበር። ግን ጋሼ ‹መጀመሪያ አንኳኩ፣ መጀመሪያ ጠይቁ› ብለው ነው ያሳደጉን፤ እና ልጠይቅዎት መጣሁ።»

«ለምን ጉዳይ ነው የምትመጡት?»

«ክረምቱ የጣለውን አጥርዎን ልናነሳ። የጋሼን የቅዳሜ ትምህርት እንደገና ልጀምረው ነው።»

ይህን ስትል ደስ አለኝ። ደስታዬ ከቦርሳዋ ወረቀት እስክታወጣ ድረስ ቆየ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ርዕሱ «የሰፈራችን አቅመ ደካሞች» ይላል። እኔ አራተኛ ነኝ። ከእኔ በላይ ያሉትን ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ፤ አንዷ ዓይናቸው አያይም፣ አንዱ አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመት አልፏቸዋል፣ ሦስተኛዋ ዘጠናን ከተሻገሩ ቆይተዋል። እኔ ደግሞ ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያ በእግሬ ደርሼ፣ ከሽንኩርት ነጋዴ ጋር ተጨቃጭቄ አሸንፌ እመለሳለሁ።

«አቅመ ደካማ የተባልኩት እኔ ነኝ?»

«ውይ እትዬ፣ እንደዚያ አይደለም፤ አጻጻፉ ነው እንጂ...»

«አጻጻፉንማ ለእኔ ተይው። ከአንቺ መወለድ በፊት እንዲህ ያለ ወረቀት በታይፕ የመታሁ ሴት ነኝ።»

ሐዊ ፊቷ ቀላ። «የመጀመሪያው ቤት የጋሼ ቤት ይሁን ያሉት ልጆቹ ናቸው። እርስዎ እምቢ ካሉን ግን ሌላው ቤት እንዴት እሺ ይለናል? ‹የራሳቸው የመምህሩ ቤት አባሯቸዋል› ይባላል፤ በዚያው ይቀራል» አለች። እስከ አርብ አስቤ እነግርሻለሁ ብዬ ሸኘኋት። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩና የወደቀውን አጥር አየሁት። የጎረቤት ፍየል በቀዳዳው ገብታ የደምሴን የሎሚ ችግኝ እየቀጠፈች ነው። እሷም እንደ ደካማ ቆጥራኝ ይሆናል፣ ስጮህባት እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም።

ስለ ወረቀት የተናገርኩት እውነቴን ነው። ጊዜው የቱ መንግሥት እንደነበር ለመጻፍ አልቸገርም፤ እኔ የማስታውሰው ዋጋውን ነው። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ባቡር ጣቢያ ጋሪ ስሙኒ ነበር፤ ባለጋሪው ካወቀሽ ደግሞ ፈረሱን እያናገረ በነጻ ያደርስሻል። በአንድ ሽልንግ ሁለት እጅ የማይችለው ፓፓያ ይገዛል፤ ዛሬ በዚያ ሽልንግ የፓፓያውን ፍሬ ቢቆጥሩልኝም አላምንም። አውቶቡስ ተራው ማዕዘን ላይ ካሴት የሚሸጥ ሱቅ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ አንድ የፍቅር ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚደጋግም፣ ፈረሶቹ ሳይቀሩ በዜማው የሚራመዱ ይመስለኝ ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ባለብዙ ፎቅ ሆቴል አለ፤ ሥሩ ደግሞ ባጃጆች ተሰልፈው ሰው ይጠራሉ። እኔ ያኔ አፍሮ ነበረኝ። ቀሚሴ ከጉልበቴ በላይ ነው፣ የጫማዬ ታኮ ደግሞ እናቴ «ከዚያ ላይ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?» የምትለው ዓይነት። ደምሴ ክረምት ከበጋ፣ ያ ሁሉ የናዝሬት ሙቀት እያለ፣ ከጥቁር ሱፍ ልብስ አይወጣም። አንድ ብቻ ነው የነበረው። ይህን ጥቁር ልብስ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ጣጣ ያመጣል።

ደምሴ የሁሩታ ልጅ ነው። ታሪክ ሲያስተምር ከነገሥታቱ ይልቅ ስለ ሱሪ ያወራል ብለው መምህራኑ ይስቁበት ነበር። ውሸት አልነበረም። ክፍል ገብቶ ሰሌዳው ላይ «ሱሪ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ የገዛ አባቱንና የአጎቱን ነገር ይነግራቸዋል፤ ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ሱሪ ስለነበራቸው በየተራ ነበር ገበያ የሚወጡት። የገበያው ሰው አንድ ሰው ነው እያለ ሲያውቃቸው ኖረ፤ አንዱ የተበደረውን እህል ሌላው ይጠየቃል፣ አንዱ ያያት ልጅ ሌላውን ታኮርፋለች። ተማሪው በሳቅ ሲፈርስ ደምሴ ጠመኔውን ያስቀምጥና፣ «በዚያው ዘመን ቤተ መንግሥት ውስጥ ምን ተበላ አትበሉኝ። ያበሰለችው ሴት ምን በላች? እሷን ንገሩኝ» ይላል። የቤት ሥራው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አያታችሁን ጠይቁ፣ በእናንተ ዕድሜ ስንት ልብስ ነበራቸው? ስንት ጊዜ በሉ? ከዚያስ ማን ረዳቸው? አንድ የነጋዴ ልጅ «አያቴ ቤታችን ድህነት ገብቶ አያውቅም አሉ» ብሎ ሲመጣ፣ «እንግዲያስ ድህነቱ ሲያልፍ አያትህ ተኝተው ነበር» አለው።

ይህ ሁሉ በወሬ ብቻ እንዲቀር አልፈለገም። ተማሪዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥተው በእጃቸው እየሠሩ እንዲማሩ ፈለገ። አንድ አርብ ከሰዓት ጽሕፈት ክፍሌ መጥቶ፣ «ወይዘሪት ወይንሸት፣ ጽሑፌን ማንበብ የሚችል ካንቺ በቀር የለምና አብረሽኝ ዙሪ፤ እኔ እየነገርኩሽ አንቺ ጻፊ» አለኝ። የእጁ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ነበር። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለውን ሰፈር ዞርን። አዟዟራችን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ሰው ቤት ሳንገባ፣ አንድ ሰው ሳናናግር፣ ከመንገድ ቆመን ጣሪያ ጣሪያ እያየን ነው። «የተቀደደ ቆርቆሮ፤ ጻፊ። የዘመመ ግድግዳ፤ ጻፊ።» ከሁሉ የባሰው በድንጋይና በአሮጌ ጎማ የተጫነ ቆርቆሮ ያለው ቤት ነበር። የማን እንደሆነ አንዲት መንገደኛ ጠየቅን፤ የእማማ አስካለ አለችን። ተመልሼ ስቴንስል ላይ መታሁት፣ በማባዣው አርባ ቅጂ አወጣሁ። ርዕሱን ያወጣሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ «በጣም ድሃ የሆኑ ቤቶች»። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አርባ ተማሪ ይዘን እማማ አስካለ ደጅ ደረስን። ለጭቃውና ለቦዩ አካፋና ዶማ ይዘናል፤ ለጣሪያው ረጃጅም እንጨት፤ ጣሪያው ሲነሳ ዕቃቸውን የምንሸፍንበት ትልቅ ሸራም ይዘናል። በሩን ብናንኳኳ መልስ የለም። ደምሴ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይሆናል ብሎ ተማሪዎቹን በግድግዳው ጥግ አሰለፋቸው። «የሰው ደጅ ነው፤ በአክብሮት፣ ያለ ጩኸት ቁሙ» አላቸው። ቆሙ። እሱም ጥቁር ልብሱን ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በሩ ፊት ቆመ። እንግዲህ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው የሚያየውን አስቡት።

ያለፉት ጋሽ ቦጋለ ነበሩ። ጋሽ ቦጋለ ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው፤ የሰፈሩ ዕድር ጥሩምባ ነፊም እሳቸው ናቸው። ብስክሌታቸውን ቀጥ አደረጉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁና አጠገባቸው ያለችውን ተማሪ ዝቅ ባለ ድምፅ «ለማን ነው ልጄ?» አሏት።

«ለእማማ አስካለ» አለች።

ጋሽ ቦጋለ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ትናንት እኮ ጎማዬን እየነፋሁ ሰላም ብለውኝ ነው ያለፉት! አይ ሰው!» አሉና ብስክሌቱ ላይ ወጥተው በረሩ። ሰላምታ መስሎን ሁላችንም እጃችንን አነሳንላቸው።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከጣቢያው በኩል ጥሩምባ ተሰማ፤ ጋሽ ቦጋለ በአማርኛም በኦሮምኛም ይለፍፋሉ፣ ስሙ ግን ከእኛ ዘንድ አልደረሰም። «የሞተ ሰው አለ» ተባባልን፤ አዘንን። ወዲያው ከጎን ያለው ቤት በር ተበርግዶ ጎረቤታቸው እትዬ ላቀች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «አስካልዬ! አስካልዬ ጎረቤቴ! ሳትነግሪኝ!» እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ወጡ። የደምሴ ፊት አመድ መሰለ። ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ፣ «ልጆች... ዘገየን» አለ። ባርኔጣውን አወለቀ። አርባ ተማሪ አንድ ላይ ማልቀስ ጀመረ። ሰፈርተኛው አርባ ልጅ ሲያለቅስ አይቶ የቀረችው ትንሽ ጥርጣሬ ጠፋችለት። እኛ እነሱ ስላለቀሱ አመንን፣ እነሱ እኛን አይተው አመኑ፤ እንዲህ ሆኖ እማማ አስካለ ሞቱ።

የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን በጋሪ ይዘው መጡ። የዕድሩ ዳኛ በሥርዓት የሚያምኑ ሰው ነበሩና «አስከሬኑ የት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። አንዷ «ሆስፒታል ይሆናል» አለች። ሌላዋ «ሆስፒታል ነው አሉ» አለች። ከሩብ ሰዓት በኋላ በሽታው ታውቋል፣ የሞቱበት ሰዓት ታውቋል፣ የመጨረሻ ቃላቸውም ተገኝቷል፤ «ዶሮዎቼን አደራ» ብለዋል። የንፍሮው ድስት ተጣደ፣ አግዳሚው ተደረደረ። እኔን በሩ ትይዩ አስቀመጡኝ። እያለቀስኩ ቀና ስል በሩን አየሁት። ትልቅ ቢጫ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል።

ወደ ደምሴ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፣ «አቶ ደምሴ፣ ጓጉንቸሩስ?» አልኩት።

«ምን?»

«በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ሰው ሲሞት ቤቱን ቆልፎ ነው እንዴ የሚሄደው?»

«እባክሽ ወይዘሪት ወይንሸት፣ ሰው ሐዘን ላይ ነው!» አለኝ። ክፍል ውስጥ «ማስረጃው የታለ?» ሳይል ዓረፍተ ነገር የማይጨርስ ሰው። ያኔ ሳቄ መጣ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ፣ አንዲት እናት «አይዞሽ፣ እንዲህ አይሆንም፤ ልጃቸው ነሽ?» እያሉ ያጽናኑኝ ጀመር።

እማማ አስካለ ለካ ሶደሬ ነበሩ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ጎህ ሳይቀድ ቲማቲም ሊጭን በሚወርድ መኪና ይሄዱና፣ ፍል ውሃው ውስጥ ተነክረው፣ ከቲማቲሙ ጋር ይመለሳሉ። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ እርጥብ ፎጣ ራሳቸው ላይ ጠምጥመው፣ ፍል ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዘው ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አሉ። ድንኳን አዩ፣ ለቅሶ ሰሙ። ሰው ለቅሶ ሲደርስ መጀመሪያ ያለቅሳል እንጂ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። ጀሪካናቸውን አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ፣ ከመንገዱ ጫፍ ጀምረው «ወየው! ወየው እህቴን!» እያሉ ገቡና እትዬ ላቀች አጠገብ ተቀመጡ። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ተቃቅፈው ጥሩ አድርገው አለቀሱ። በኋላ እማማ አስካለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ላቀች፣ ማነው የሞተው?» አሉ።

እትዬ ላቀች ከነጠላቸው ውስጥ፣ «አስካለ ናት እኮ!» አሉ።

«የቷ አስካለ?»

«የኛዋ ናታ! ባለመንደሪኗ!»

«ውይ በሞትኩት! እኔ ሳልሰማ?»

እዚህ ላይ እትዬ ላቀች ቀና አሉ። ያሰሙትን ጩኸት አልጽፈውም፤ በፊደል የሚያዝ አይደለም። ሁለት ሰዎች ድንኳኑን ጥሰው ሮጡ፣ አንደኛው ምሰሶ ወደቀ፣ የዕድሩ ዳኛ ሸራው ውስጥ ሆነው «ሥነ ሥርዓት! ሥነ ሥርዓት!» ይላሉ፤ ጋሽ ቦጋለ ጥሩምባቸውን ደረታቸው ላይ እንደ ጋሻ ይዘው ቆመዋል።

ነገሩ ሲበርድ እማማ አስካለ ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተስ ማን ናችሁ?» ደምሴ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ታሪክ፣ ድህነት፣ የተማሪዎች አገልግሎት አለ፣ ተጠላለፈ፣ በመጨረሻ ወረቀቱን ሰጣቸው። ማንበብ አይችሉም ነበርና ለእኔ አቀበሉኝ። «አንቺ አፍሮዋ፣ አንብቢልኝ።» በሰፈሩ ሁሉ ፊት፣ የገዛ ሥራዬን፣ በገዛ ድምፄ አነበብኩ። «በጣም ድሃ የሆኑ ቤቶች። አንደኛ፣ ወይዘሮ አስካለ።»

«ማነው ድሃ?» አሉ እማማ አስካለ። አልጮኹም። «ማን ገብቶ አየ? ማን ጠየቀኝ? እኔ ድሃ አይደለሁም፤ ጣሪያዬ ነው የሚያፈሰው። ስትጽፊ ‹የአስካለ ጣሪያ ያፈሳል› ብለሽ ጻፊ፤ እውነት ነው፣ አልቀየምሽም። ድሃማ ብሆን ሳልሞት ይሄ ሁሉ ሰው ያለቅስልኛል?»

ደምሴ አንገቱን ደፋ፣ እኔም ደፋሁ። የዕድሩ ዳኛ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ይዟቸዋል፤ ጥሩምባው ተነፍቷል፣ ንፍሮው በስሏል፣ ለዚህ የሚሆን ደንብ የለም። እማማ አስካለ እርጥብ ፎጣቸውን ከራሳቸው ላይ ፈተው ጨመቁና ፈረዱ። «ንፍሮውን ለልጆቹ ስጡ፣ ሳይበሉ ነው የወጡት። ድንኳኑ ጥላ ይሁነን። ወንዶቹ ጣሪያ ላይ ውጡ። ለቀብሬ የመጣ ሁሉ ለጣሪያዬ ይሥራ።» ጣሪያው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለቀ። እሳቸው የገዛ ለቅሷቸው ድንኳን ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱን ተማሪ በአንዱ ተራ እየጠሩ ስሙንና የማን ልጅ መሆኑን ጠየቁ። ከዚያ ባቡር ጣቢያው ላይ መንደሪን ስለሸጡባቸው ዓመታት አወሩ፤ «ሦስተኛ ማዕረግ ያለው ገዝቶ ይበላል፤ አንደኛ ማዕረግ ያለው ዋጋ ይጠይቃል» ሲሉ ከጣሪያው ላይ ሳይቀር ተሳቀ። ደምሴ ማስታወሻውን አውጥቶ ይጽፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የቅዳሜው ትምህርት የሚጀመረው በእሳቸው ደጅ ሆነ፤ ባቡሩ የማይቆምበት ጣቢያ፣ መንደሪኑ የተሸጠበት ሳንቲም፣ እህል የጠፋበት ክረምት፣ ሁሉም ከእሳቸው አፍ ነው። ዘመንም ይቆጥሩ የነበረው በራሳቸው ነው። «ያ እንኳ የሆነው እኔ ከሞትኩ በሁለተኛው ዓመት ነው» ይላሉ። እትዬ ላቀችን ደግሞ፣ «ለቅሶሽስ ጥሩ ነበር፤ ስለ መንደሪኔ ግን አንድ ቃል አላነሳሽም፤ በሚቀጥለው ጨምሪበት» እያሉ እስከ እውነተኛው ሞታቸው ድረስ አሹፈውባቸዋል። እትዬ ላቀችም በእውነተኛው ቀን አልረሱም፤ መንደሪኑን ጨምረው አለቀሱ።

ሰኞ ጠዋት ደምሴ ጽሕፈት ክፍሌ መጣ። ርዕሱን ሰርዞ «የአስካለ ጣሪያ ያፈሳል» ብሎ ጽፏል፤ ከሥሩ ለተማሪዎቹ የሚሆን ትእዛዝ፤ መጀመሪያ አንኳኩ፣ መጀመሪያ ጠይቁ። መታሁለት። ወረቀቱን ተቀብሎ አልሄደም። «ጓጉንቸሩን መቼ ነው ያየሽው?» አለኝ። «ከተቀመጥኩ ጊዜ ጀምሮ።» «እኔ አላየሁትም እኮ» አለ፤ እንደ ትልቅ ምስጢር። በዚያው ሳምንት ኬክ ቤት ጋበዘኝ፤ ሻይና ኬክ ለሁለት ሰው ሁለት ሽልንግ አይሞላም ነበር። ሠርጋችን ላይ እማማ አስካለ አንድ ቅርጫት መንደሪን ይዘው መጡ። ከዚያ ጀምሮ ደምሴ እርግጠኛ ነኝ ብሎ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር፣ ስለ ፖለቲካም ይሁን ስለ ሹሮው ጨው፣ እኔ «ጓጉንቸሩስ?» እለዋለሁ፤ እሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ትዳራችንን ያቆየው ይህ ቃል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እሱ የሞተ ዕለት የዕድራችን ድንኳን በዚሁ ግቢ ተተከለ። ተማሪዎቹ መጡ፤ አንዳንዱ ሸብቷል። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ በሩን እያየሁ ነበር። ጓጉንቸሩን ፈለግሁት። ቆልፎ የሆነ ቦታ፣ ሶደሬም ቢሆን፣ ሄዶ ይሆናል ብዬ ለአንድ አፍታ አሰብኩ። ጓጉንቸሩ ዘይት እንደጠጣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

አርብ ዕለት ለሐዊ ደወልኩ። «ኑ፤ ግን ስሜን ከዚያ ዝርዝር አውጪና ‹የወይንሸት አጥር ወድቋል› ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ስልኩ ውስጥ ስትስቅና ስታለቅስ ሰማኋት። ቀጥዬ የዕድራችን ለፋፊ ዘንድ ሄድኩ። አሁን ጥሩምባ ቀርቷል፤ አንድ ወጣት ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ ይዞራል። «ነገ ጠዋት ደጄ ላይ አካፋ የያዙ ልጆች ብታይ፣ አልሞትኩም» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። «እሺ ማዘር» አለ። «ድንገት ቢሆንስ?»

«መጀመሪያ በሩን አንኳኳ።»

መጡ። ሃያ ሁለት ናቸው፤ ስልካቸውን አውጥተው ከእኔ ጋር ፎቶ ሊነሱ ሲሰለፉ፣ «መጀመሪያ ተቀመጡ» አልኳቸው። ስማቸውንና የማን ልጅ መሆናቸውን ጠየቅሁ። አንዷ፣ የጋሽ ቦጋለ የልጅ ልጅ ሆና ተገኘች። የእማማ አስካለን ነገር ነገርኳቸው፤ ከሳቁ በኋላም ያበሰለችው ሴት ምን እንደበላች ጠየቅኋቸው፤ አንዳንዱ ጻፈ። አጥሩን አቆሙት። ወደ ግራ ትንሽ ያዘምማል፤ ፍየሏን ግን ይመልሳል። ሲሄዱ ሐዊ «ሌላ ቅዳሜስ?» አለችኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጓጉንቸሩን አውልቄ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ፤ ልጆቹ ይመጣሉ፣ ስማቸውን እጠይቃለሁ፣ ከዚያ አብሬያቸው ወደሚቀጥለው ቤት እሄድና በሩን እኔ አንኳኳለሁ።